የሚስተር ፒላይ ዘይትና የእናቴ ጉልበት

የሚሞቅ የሰሊጥ ዘይት ሽታ አሜሪካ፣ ሜስኪት ከተማ ካለው አፓርታማችን አንስቶ ደሴ አደረሰኝ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ነው። ሐኪሜ በዚያው ሳምንት የአጥንትህ ዴንሲቲ፣ እፍጋቱ ማለት ነው፣ ወርዷል፣ የቀኝ ጉልበትህ ደግሞ ልስላሴው አልቆ አጥንት ካጥንት ይፋጫል ብሎኛል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው አለኝ። እኔ አንዱም አልገባኝ። የገባኝ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ መውረድ አቅቶኝ ወንበር ላይ መስገዴ ነው።

ልጄ ሀያት የዘይቱን ስኒ ከማይክሮዌቭ አውጥታ አቀበለችኝ። «አባ፣ ዘይት እኮ ቦን ዴንሲቲ አይጨምርም። ማለቴ፣ ኪኒኑንም ዋጥ፣ ኦኬ?»

«ኪኒኑ ለአፌ፣ ዘይቱ ለጉልበቴ» አልኳት።

ደሴ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ሚስተር ፒላይ ከሕንድ የመጡ የሒሳብ አስተማሪያችን ነበሩ፤ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ነጭ ሽርጥ ስለሚያገለድሙ ጎረቤቱ ሁሉ ሙስሊም መስለውት መስጊድ የሚመጡበትን ጁምዓ ሲጠብቅ ኖረ። እኔ በበኩሌ ከሒሳባቸው ይልቅ ሽርጣቸውን አጥንቻለሁ። ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ በረንዳቸው ላይ ፕሪመስ ይለኩሱና በናስ ጎድጓዳ ሳህን ዘይት ያሞቃሉ። ያገራቸው ሕክምና ነው፤ አዩርቬዳ ይሉታል። ሰው ሲያረጅ በውስጡ ያለው ነፋስ ይበረታል፣ አጥንቱን ያሳሳል፣ የመገጣጠሚያውን ቅባት ያደርቃል ባይ ናቸው። ስለዚህ በዘይቱ ሲታሽ እጅ አጥንት ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ጉልበት ላይ ይዞራል።

እናቴ ያኔ ቀኝ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ተቀምጣ ትሰግዳለች። ረመዳን ሲገባ «ግንባሬ መሬት ሳይነካ ኢድ ሊያልፍ ነው?» እያለች ማልቀስ ጀመረች። ሚስተር ፒላይ ሰሙ። የባዕድ ሴት ጉልበት መንካት አይሆንም፤ ስለዚህ ዘይቱን ላኩላትና እሳቸው በረንዳቸው ላይ፣ እሷ ፊት ለፊት በራችን ላይ ተቀመጡ። እሳቸው የራሳቸውን ጉልበት ሲያሹ እሷ እጇን ቀሚሷ ስር ከትታ፣ እያየች ትከተላለች። ጾሙን ሙሉ በየማለዳው እንዲህ ሆነ።

የኢድ ለት እናቴ ሱጁድ ወረደች፤ ተነሳችም። ዳቦ ይዛላቸው ሄደች።

«ቀኙ በጀዎት?» አሏት።

እናቴ ክው አለች። «ቀኙን ኖሯል እንዴ? እኔ እኮ ፊት ለፊቴ ያለውን አይቼ ግራዬን ነው ያሸሁት። ይሄ ጤነኛው ነው እንዳልል፣ አስተማሪ አይታረምም ብዬ ዝም አልኩ።»

ሚስተር ፒላይ ዳቦውን እንደያዙ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ ጉልበታቸውን አዩ። «ነፋስ» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «ሁለት እግር አለው።»

ይኸው እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው። ያሻላት ዘይቱ ይሁን፣ የማለዳ ፀሐይ ይሁን፣ የኢዱ ጉጉት ይሁን፣ እንጃ። ሐኪሜን እንዳልጠይቀው ሌላ ኪኒን ይጨምርልኛል።

ሀያት ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ሶ፣ እንዴት ነው?» አለች። ቀኜን እያሸሁ አሳየኋት። እሷም የራሷን ጉልበት ማሸት ጀመረች፤ ግራዋን። አላረምኳትም። እኔም ለማንኛውም ብዬ ግራዬን ደገምኩ። ከሚስተር ፒላይ ሒሳብ አንድም አልቀረልኝ፤ እጄ ግን አጥንቱ ላይ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ጉልበቱ ላይ ዞረ።

የከሰዓቱ የአስር ሰላት ሲደርስ የምሰግድበትን ወንበር ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ብዙም አላራቅኩት።