ግቢያችን ለምን ጭጭ አለ?

ዛሬ በሬን ድንገት ብከፍተው፣ አከራዬ አዴ ጫልቱና አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

ድሮም ጠርጥሬ ነበር። ነቀምቴ ውስጥ ልጅ የማይጮህበት ግቢ የት አለ? የግቢው ሰዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭጭ ሲሉ፣ ሊያስወጡኝ እየመከሩ ነው ብዬ ነበር።

ሥራዬ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እየሰማሁ መጻፍ ነው። ቤት ዘግቼ፣ ኤርፎን ሰክቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። ለካ አዴ በመስኮት አይተውኝ "ጸሎት ላይ ነው" እያሉ ግቢውን ዝም አሰኝተዋል!

"እኚህ ከሲሬ ነው የመጡት፤ ባለቤታቸው ታመውባቸዋል፣ ጸልይላቸው" አሉኝ።

እውነቱን ብናገር ጸጥታዬ መቅረቱ ነው። ኤርፎኔን ነቅዬ ጸለይኩላቸው።

ለታማሚው ብዬ ይሁን ለጸጥታዬ፣ አሁን የምጠረጥረው ራሴን ነው።

እናንተ ከቤት የምትሠሩ፣ ጎረቤት ምን የምትሠሩ ይመስለዋል?