ከበር ውጭ የወጣው ትሪ

ነገሩ የሆነው የዛሬ አራት ዓመት፣ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በተገጣጠሙበት ወቅት ነው። ሱዳን ውስጥ በመምህርነት ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ ከተዛወርሁ ሁለት ወር ቢሞላኝም፣ የሰፈሩ ሰዎች ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ እየመለሱ ያልፉኝ ነበር። ምክንያቱን የነገሩኝ ሰፈሩ ሁሉ «ዐም ኢድሪስ»፣ አጎታችን፣ የሚላቸው አዛውንት ጎረቤቴ ናቸው፤ እኔን መምህሩን «ኡስታዝ» ይሉኛል።

«ኡስታዝ፣ ሰው ሁሉ ትሪውን ይዞ መንገድ ላይ ሲያፈጥር አንተ በር ዘግተህ ትበላለህ። ምን በደልንህ?»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እንዳልረብሻችሁ ብዬ እኮ ነው።»

«ክርስቲያን አይርበውም እንዴ?»

በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ እንጀራና የጾም ሽሮ በትሪ ይዤ ወጣሁ። ሃያ ያህል ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አሲዳ የሚሉት ገንፎና ሥጋው ያለበት ትሪ ላይ ሲሻሙ፣ የእኔን የነካው አልነበረም። አንዱ ጎንበስ ብሎ አየና «የሐበሻ በርበሬ አንጀት ይልጣል!» ብሎ አሳቃቸው። ትሪዬ ሳይነካ ከተመለሰ በዚያ ሰፈር ባዕድ ሆኜ መቅረቴ ነው።

ዐም ኢድሪስ ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ጎረሱ፤ ደግመው ጎረሱ። «እናንተ ፈሪዎች፣ ሳልጨርስባችሁ ቅመሱ!» አሉ። ወዲያው እጅ በእጅ ላይ ተደራረበ፤ ትሪው ተጠረገ። ያ የሳቀብኝ ሰው ጣቱን እየላሰ «ኡስታዝ፣ ነገ ሁለት ትሪ!» አለኝ። ወደ ቤቴ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ባለፈው ዓመት ሴት ልጃቸው እንደ ነገረችኝ፣ ዐም ኢድሪስ ጨጓራቸው ቆስሎ በርበሬ በሐኪም ከተከለከሉ፣ ትሪዬን በበሉበት ምሽት ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር።