በሩን ሳልከፍት የተሳልኩት ስእለት

ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ተኩስ ሲጀመር ባለቤቴ ገበያ ነበረች፤ ስልኳም አይሠራም። እኔ፣ እሁድ እሁድ «እግዚአብሔር ታማኝ ነው፣ አትፍሩ» እያልኩ ሰውን ሁሉ የምመክረው ሽማግሌ፣ የብረት በሩን ቆልፌ መዝሙረ ዳዊቴን ታቅፌ ተቀመጥኩ። በሰላም ትግባልኝ ብዬ ለአገሬ ታቦት ጃንጥላ ተሳልኩ። ስትቆይብኝ ምንጣፍ ጨመርኩ።

ኋላ በሩ ተንኳኳ። ወታደር መሰለኝና በመክፈት ፈንታ ሻማም ተሳልኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈት እንጂ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

በስንት መከራ ከፈትኩ። ነጠላዋ አቧራ ለብሷል።

«ምን ስታደርግ ነው?»

«እግዚአብሔር እንዲያመጣሽ እየለመንኩ።»

«እሱማ አምጥቶኛል። በር ላይ የገተርከኝ አንተ ነህ።»

የእሱ ታማኝነት በእኔ ድፍረት የሚለካ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ሚስት አልባ ሆኜ ነበር።

ተኩሱ እንደገና ቀረበ። እሷ ወደ ውስጥ ገባች። በግቢያችን የምትኖረው ጎረቤታችን ግን ገና አልተመለሰችም። ስለዚህ ዳዊቴን አስቀምጬ፣ ቁልፉን ይዤ በሩ ሥር ቆምኩ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ጆሮዬ ግን የሚያንኳኳ ሰው እየጠበቀ ነበር።