የረቡዕ ፎርም

አዲሷ ሌክቸረር እድላዊት ዓይኗን ካፌው ውስጥ ፊት ለፊቷ ከተቀመጡት ሴትዮ ላይ መንቀል አቃታት። ክርኑ የሳሳ ሰማያዊ ካርዲጋን ለብሰዋል፤ ጣቶቻቸው በማርከር ቀለም ተዥጎርጉረዋል። ሐበሻ መሆናቸውን እንጂ ስማቸውን አታውቅም።

ዩኒቨርሲቲው መሰብሰቢያ ክፍል ስለከለከላቸው፣ መምህራኑ በየረቡዑ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚባለው የለንደን ሰፈር ካለች ካፌ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ በሳምንቱ የከሸፈበትን ትምህርት ይናገራል፤ ሌሎቹ ያግዙታል።

"ሠላሳ ዓመት አስተምሬ፣ ትናንት ግማሹ ክፍል አንቀላፋብኝ" አሉ ሴትዮዋ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

ከዚያ ከዲፓርትመንቱ የተላከ ፎርም መዞር ጀመረ፤ የተገኘ ሁሉ ስሙን እንዲሞላ ያዛል። የሠራተኛ ቅነሳ በሚወራበት ሰሞን፣ ድክመቱን የተናገረ ሰው ስም ለምን እንደሚፈለግ ለማንም አይጠፋም። ፎርሙ ባዶውን እድላዊት ጋ ደረሰ።

ሴትዮዋ ከእጇ ወሰዱት። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ሳይቸኩሉ፣ አሥራ ሁለቱንም መስመር ሞሉት፤ በሁሉም ላይ የራሳቸውን ስም።

"ችግር አያመጣብዎትም?" አለቻቸው በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ያምጣ! አለቆቹ ማንን እንደሚጠሩ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። ይልቅ አንቺ ንገሪን፤ ምን ከሸፈብሽ?"