የሚገለበጠው ወንበር

መኪናዬን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ያናድደኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአሜሪካ ሀብታሞች የተሠራች ናት፤ ከጥቂት መቶ በላይ አልተመረተችም፣ ፋብሪካዋም ከተዘጋ ዕድሜ አስቆጥሯል። ማርሿ የሚገባው ከመሪው አጠገብ ያሉትን ቁልፎች በመጫን ነው። እኔን ያሳበደኝ ግን ወንበሯ ነው። መቀመጫው እንዳለ ይነሳል፤ አንድ ፊቱ ቆዳ፣ ሌላው ፊቱ ወርቃማ ጥለት ያለው ጨርቅ ነው። ባለቤቱ ሲያሻው ገልብጦ ይቀመጥበታል።

ለእህቴ እጮኛ ያሳየሁት እኔው ነኝ፣ ስካይዌይ ሰፈር ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ። አነሳው፣ ገለበጠው፣ መለሰው። “ሶ፣ አንዱ ሲቆሽሽ በሌላው ነው ማለት ነው?” ብሎ ሳቀ። ወደድኩት። ነገር የገባው ሰው መሰለኝ።

እህቴ ከእሱ ጋር እዚሁ አቅራቢያችን ዴ ሞይን፣ አፓርታማ ውስጥ መኖር ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ሰርጉ የተደገሰው ለወላጆች ደስታ ነበር፤ ስለዚህ ሙሽራዋ በወጉ ከእኛ ቤት፣ በእኔ መኪና ትወጣለች። ወንበሮቹን ሁሉ በጨርቁ በኩል አደረግኋቸው፤ የመረጠችው እሷ ናት። እናቴ ደግሞ ልጇን ታውቃለች። ቁጡ ነኝ፣ እጄ ከአፌ ይቀድማል። “ስሞትልህ ልጄ፣ ዛሬ እጅህን ሰብስብ” ብላ አስማለችኝ።

ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ በሩ ላይ ቆምኩ። የኛ ወገን አናስገባም ይላል፣ የእነሱ ይገፋል፣ ሰው ያጨበጭባል፤ ጨዋታ ነው። “ዛሬስ አትወስዳትም!” አልኩት እየሳቅሁ። ለቪዲዮ ቀራጩ ፈገግ እንዳለ ክርኑን አፌ ላይ አሳረፈው። ጥርሴ ሲነቀነቅ ተሰማኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለተኛው ምት ጎድኔን አገኘኝ፤ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ጭብጨባው ባሰ። ሁሉም እየተጫወትን መስሏቸዋል።

ከዚያ አንገቴን በክንዱ ጠምጥሞ፣ ያቀፈኝ መስሎ፣ ወደ መኪናዬ ወሰደኝ። ከሾፌሩ ጎን ያለው ፊተኛ ወንበር ላይ በጀርባዬ ጣለኝና በሩን በጀርባው ከልሎ በጡጫ ወረደብኝ። “እኔን ሰው ፊት አትወስዳትም ትለኛለህ?” ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ደሜ በወርቃማው ጨርቅ ላይ ይንጠባጠባል። መኪናው ውስጥ የማስቀምጠው የጎማ መፍቻ ከእግሬ ሥር ነበር፤ ጨበጥኩት። ጭንቅላቱን ልፈረክሰው እችል ነበር፣ ደግሞም ፈልጌ ነበር። ከትከሻው በላይ ግን እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ወደ እኛ እያየች በደስታ እልል ትላለች። መፍቻውን ለቀቅኩት።

እሱ ክራቫቱን አስተካከለ። “ኦኬ፣ ወንበሩን ፍሊፕ አድርገው፣ እሷ ሳትወጣ።”

አልተንቀሳቀስኩም። ጎትቶ አወጣኝና ራሱ ገለበጠው። ቆዳው ከላይ ሆነ፣ ደሜ ከሥር። “አሁን ፊትህን ክሊን አድርግና ስማይል” ብሎኝ ሽማግሌዎቹን ሊስም ሄደ። ይህ ሰው ከሰዓታት በኋላ የእህቴ ባል ሊባል ነው። እሱን ሳስብ የጥርሴ ሕመም ተረሳኝ፤ ፍርሃት ብቻ ቀረ። እንዴት ብዬ ልንገራት? በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል ማን ይሰማኛል?

እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ሚዜዎቹ እሱን ለፎቶ ይዘውት ነበር። ወደ መኪናው ውስጥ አየችና ቆመች።

“የፊቱ ወንበር ብቻ ለምን ቆዳ ሆነ?”

ከንፈሬ አብጦ አልታዘዝ አለኝ። ፊቴን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ መቀመጫውን አነሳችና ከሥሩ ያለውን እርጥብ ደም አየች። አልጮኸችም፣ ማን እንደ መታኝም አልጠየቀችም። መቀመጫውን እንደ ነበረ መለሰችው፣ ተቀመጠችበት፣ በሩን ቆለፈች።

“ንዳ።”

“ወዴት?”

“ንዳ እባክህ!”

መሪው ላይ ተቀምጬ ሞተሩን ሳስነሳ ሙሽራው ሮጦ ደረሰ። መስኮቱን በቡጢ መታው፣ ደግሞ መታው፤ መስተዋቱ ተሰነጠቀና የእጁ ደም ስንጥቁን ተከትሎ ወረደ። አፉን ከፍቶ ስሟን ይጠራል። ሰዉ ይሄንንም ከወጉ ቆጥሮት ያጨበጭብ ነበር። የማርሹን ቁልፍ ተጫንኩና ነዳሁ።

ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ደርሰን ቀይ መብራት ሲይዘን፣ እንደ ምንም ከንፈሬን አላቅቄ፣ “አንቺንም?” አልኳት።

“የአፓርታማችን ሶፋ ትራሶችም ተገልብጠዋል” አለች መንገዱን እያየች።

“እሱ ነው የገለበጣቸው?”

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። “እኔ ነኝ። ሁልጊዜ እናንተ ልትመጡ ስትሉ ነው የምገለብጣቸው።”