ለቅሶ ያልተቀመጥንለት አብራሪ

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቴ ከባኮ ያመጣውን በቆሎ ቀቅዬ እየፈለፈልን ፊልም አየን። ከእሱ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው። በማግስቱ እንደሚሞት አላወቅሁምና ከበቆሎው ለጋ ለጋውን ለራሴ መርጬ ነበር።

ፊልሙ የባሕር ላይ ጦርነት ነው። ዘግይተን ስለከፈትነው ማን ከማን እንደሚዋጋ በደንብ አልያዝኩትም። ከአንድ ትልቅ መርከብ ላይ አውሮፕላኖች እየተንደረደሩ ይነሳሉ፤ ውሃውን ሊነኩት እስኪደርሱ ዝቅ ብለው ወደ ጠላት መርከቦች ይበራሉ፤ መርከቦቹም እሳት ይተፉባቸዋል። ባለቤቴ ውጊያውን አያይም። ሲነሱ ይቆጥራል፣ ሲመለሱ ይቆጥራል። በደርግ ጊዜ አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን ሜካኒክ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ተሰናብቶ አምቦ ገባና ከጊንጪ እስከ ባኮ የወፍጮ ሞተር እየጠገነ ኖረ። ቆጠራው ግን አልለቀቀውም።

የእኔ አመል ሌላ ነው። ፊልም ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር «ነፍስ ይማር» እላለሁ። ልጆቻችን እቤት ሳሉ ይስቁብኝ ነበር። ያን ቀንም አንዱ አውሮፕላን እየጨሰ ባሕር ውስጥ ሲገባ እንደ ልማዴ «ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ማን ሞተ አለሽ?» አለ ባለቤቴ።

«ውሃ ውስጥ ገባ እኮ!»

«ሲገባ አየሽ። ሲሞት አየሽ?»

«ዋና ይችል እንደሆነ እንግዲህ ፊልም ሠሪውን ጠይቀው» አልኩና ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ አውቃለሁ። ወጣት ሳለ አንድ የጊንጪ ልጅ የሆነ አብራሪ ወደ ቀይ ባሕር በረረና ሳይመለስ ቀረ። አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የፈረመው ባለቤቴ ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ ቀበቶውን ያሰረለትም እሱ ነው። ተመትቶ ይውደቅ ሞተሩ ከድቶት፣ ያየ ሰው የለም። ስብርባሪም ሬሳም አልተገኘም። ስለዚህ ባለቤቴ በፊቱ «ሟቹ» አያስብልም ነበር። በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ ጊንጪ ሄዶ የአብራሪውን እናት፣ እሳቸው ካረፉ በኋላም እህቱን ይጠይቃል። «ወሬ አለ?» ብሎ ይገባል፣ «የለም» ተብሎ ይወጣል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ አፌ አላርፍ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያንተም ሰው ሞቷል። ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ የሚቆይ ሰው የለም። አልቅሰህ ብትተወው ምናለ?»

 እጁ ላይ የነበረውን የበቆሎ ፍሬ ሰሃኑ ላይ መለሰና ተነሳ። ፊልሙ ሳያልቅ ጓሮ ወጥቶ መፍቻዎቹን በናፍጣ ሲያጥብ አመሸ። ሰኞ ማለዳ ባኮ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት፣ ሞተር ላይ እንዳጎነበሰ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ያን ሰሞን ስልክ ተዘግቶ ስለነበር መርዶውም ሬሳውም በአንድ አይሱዙ ነው የደረሱኝ።

ልጄ «እማዬ፣ ቃል ሰው አይገድልም» ትለኛለች። እንደማይገድል አውቃለሁ። ከአፌ የሰማው የመጨረሻ ነገር ግን እሱ ነው።

አርባው ሲደርስ የንስሐ አባታችን፣ በፍትሐቱ ላይ አብረው የሚጠሩ የቤተሰብ ሙታን ካሉ ስማቸውን ጽፌ እንዳመጣ ነገሩኝ። አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሜን ጻፍኩ። ከሥር የአብራሪውን ስም ጨመርኩ።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ።

ነገርኳቸው።

«ክርስትና ስሙስ?»

«አላውቀውም፣ አባ።»

«መሞቱንስ?»

ዐይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ።

«ልጄ፣ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ከሕያዋን ነው ከሙታን? አንዱን ቁረጪልኝ።»

ያን እሁድ እንዲያ የደፈረ አፌ እዚያ ቆሞ ተያዘ። ስሙን ሰርዤ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

ከወራት በኋላ ያው ፊልም በቴሌቪዥን ተደገመ። ብቻዬን እስከ መጨረሻው አየሁት። ባሕር ውስጥ የገባው አብራሪ አልተመለሰም። ሲያልቅ፣ በእውነተኛው ውጊያ የወደቁት አብራሪዎች ፎቶ ከነስማቸው ተራ በተራ ወጣ። ልጆች ናቸው። የአንዱ ጆሮ ለቆቡ በዝቶበታል። የእነሱም ሬሳ እንዳልተገኘ ከሥሩ ተጽፏል፤ ሆኖም አንድ ሰው ሞተዋል ብሎ ቆርጦ ስማቸውን ጽፎላቸዋል። በሳምንቱ ጊንጪ ሄድኩ።

የአብራሪው እህት በዕድሜ ይበልጡኛል። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጤፍ ያበጥሩ ነበር።

«አካም ጅርቱ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ፈያ፣ ፈያ። የኦቦ ሜካኒክ ሚስት አይደለሽ?» በፎቶ ነው የሚያውቁኝ። ጥቁር ልብሴን አዩና ሰፌዱን አስቀመጡ። «ዘንድሮ ሳይመጣ ሲቀር ጠርጥሬ ነበር እኮ!» ብለው አቅፈውኝ አለቀሱ።

ስንረጋጋ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ወንድማቸውን ከሕያዋን ይቆጥሩት እንደሆነ ከሙታን ጠየቅኳቸው።

«እሱማ የሞተ ነው» አሉ። «እናቴ ስታርፍ አብረን አለቀስንለት። አንድ ድንኳን፣ ሁለት ለቅሶ። ፍትሐቱም ተደርጎለታል።»

«ባለቤቴ ግን በየዓመቱ ወሬ አለ እያለ...»

«ምን እንበለው? እሱ እየጠበቀ እኛ ቀበርነው እንበለው? ከአምቦ ድረስ ስኳር ተሸክሞ የሚመጣን ሰው! አንድ ጊዜማ ልጄ ሊነግረው አፉን ሲከፍት በክርኔ ደቆስኩት።»

ባለቤቴ ከጊንጪ ሲመለስ የሚለኝን ነገርኳቸው፤ «እነሱ እየጠበቁ እኔ እንዴት ተስፋቸውን እቆርጣለሁ?» ይል ነበር።

እህትየው ሰፌዱን አነሱና መልሰው አስቀመጡት።

«ለአውሮፕላኑ የፈረመው እሱ መሆኑን ነግሯችሁ ነበር?» አልኩ።

«ገና በመጀመሪያው ቀን። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። ቀበቶውን ጠበቅ አድርገህ አሰርክለት? አለችው። አዎ አላት። ከዚያ ምሳ አቀረበችለት።»

ስነሳ የወንድማቸውን ክርስትና ስም ነገሩኝ። በአውቶቡስ እስከ አምቦ ድረስ እንዳይጠፋብኝ በአፌ ስደጋግመው መጣሁ።

«ሞቷል» ያልኩት ልክ ነበር። ልክ መሆኑ አላቀለለልኝም። ያን እሁድ ከመናገሬ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ አብሬው ጊንጪ ሄጄ ቢሆን፣ ከእኔ ሳይሆን ከእነሱ ይሰማው ነበር። ምናልባትም አብሯቸው ያለቅስ ነበር። ከእኔ በመስማቱ አዝኖብኝ ሄዶ እንደሆነ የምጠይቀው ሰው የለም።

አሁን በየወሩ፣ ባለቤቴ ባረፈበት ቀን ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ለአባ ሁለት የክርስትና ስም ጽፌ እሰጣለሁ፤ ሁለቱንም ከሙታን።