አጭር ቅብብል

ፌስታል ሲንኮሻኮሽ በሰማሁ ቁጥር ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ የነበረው የአጎቴ የከድር ሱቅ ትዝ ይለኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በኮሮና ምክንያት ሲጋራ መሸጥ ተከልክሏል። አጎቴ በቲቪ የአሜሪካ ፉትቦል እያየ፣ "አየሽ? ሊጥሉት ሲመጡበት ኳሱን ቶሎ ብሎ ላጠገቡ ሰው ይወረውራል። ይሄ ነው ብልጥ!" አለኝ።

ወዲያው የፖሊስ መኪና ደጅ ላይ ቆመ። አጎቴ ሲጋራ የሞላበትን ፌስታል ከባንኮኒው ስር መዥረጥ አድርጎ ወረወረልኝ።

"ያዢ የኔ እናት፣ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው!"

ቀለብኩት። ፖሊሶቹ ሲገቡ ባዶ እጁን ዘርግቶ "ሳውቦና" ብሎ በዙሉኛ ሰላም አላቸው። ሱቁን ሲበረብሩ እሱ ይስቃል። አንደኛው ቦርሳዬን ትኩር ብሎ ሲያየው እኔን ላብ አጠመቀኝ።

አሁን ጨዋታውን አውቀዋለሁ። ኳሱን የለቀቀውን ማንም አይነካውም፤ ተረባርበው የሚጥሉት የቀለበውን ነው። አጎቴ ይህንንም ያውቅ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።